ከመጽሐፉ በፊት ክፍሉ ነበር፦ የስኬት መጻሕፍትና የሀብትና የደስታ ተስፋቸው

እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በሰሜን እንግሊዟ የሊድስ ከተማ ጥቂት ወጣት ሠራተኞች በብርዱ ወራት ምሽት እየተሰበሰቡ መማማር ጀመሩ። ትንሽ የሚያውቀው ከእሱ ያነሰ ለሚያውቀው ንባብን፣ ጽሕፈትን፣ ሒሳብንና ጂኦግራፊን ያስተምር ነበር። ቁጥራቸው ሲበዛ ቤት ተከራዩ። ያገኙት ክፍል ቀደም ሲል የኮሌራ በሽተኞች ጊዜያዊ ማቆያ የነበረና ሰው ሁሉ በፍርሃት የሚሸሸው ነበር። «መጥተህ ጥቂት አጫውተን» ብለው የጋበዙት ሰው ሳሙኤል ስማይልስ ይባላል። እዚያ ያደረጋቸው ንግግሮች እየዳበሩ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1859 «ራስን መርዳት» በሚል ርእስ ታተሙ። ዛሬ «ራስ አገዝ» ወይም «የስኬት መጻሕፍት» የምንለው ዘርፍ ስሙን የወረሰው ከዚህ ሥራ ነው።

ራስን ስለ መርዳት የሚሰብከው ቀዳሚ መጽሐፍ፣ እንግዲህ፣ የመረዳዳት ልጅ ነበር። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያም ከዚሁ ይነሳል። የስኬት መጻሕፍት አንባቢያቸውን የሚጠቅሙት ወደ ሥራና ወደ ሰው ሲመልሱት ነው። የሚጎዱት ደግሞ የሀብትንም የድህነትንም ምክንያት በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ሲቆልፉ ነው።

የስማይልስ መጽሐፍ በአንድ ዓመት ውስጥ 20,000 ያህል ቅጂ ተሸጧል፤ ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1904 እስኪሞት ድረስም ከሩብ ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ገጾቹ እንደ ባቡር መሐንዲሱ ጆርጅ ስቲቨንሰን ያሉ ከዝቅተኛ ኑሮ የተነሡ የእጅ ባለሙያዎችና የፈጠራ ሰዎች ታሪክ የሞላባቸው ናቸው። ስማይልስ የሚያደንቀው ትጋትን፣ ጽናትንና ጠባይን ነው፤ ባለጠግነት ለእሱ የሰው መለኪያ አይደለም። ርእሱን «ለራስ ወዳድነት የቀረበ ውዳሴ» አድርገው የተረዱ ሰዎች ቢያጋጥሙት፣ እ.ኤ.አ. በ1866 ለወጣው እትም በጻፈው መቅድም ራስን መርዳት ጎረቤትን መርዳትን እንደሚጨምር አስረድቷል። ይህን ያህል ማስረዳት ማስፈለጉ በራሱ ምልክት ነበር፤ ዘርፉ ወዴት ሊያዘነብል እንደሚችል ገና በማለዳው ታይቷል።

ያዘነበለውም ወደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 አሜሪካዊው ዋላስ ዋትልስ ሀብታም መሆን እንደ ሒሳብ እርግጠኛ የሆነ ሳይንስ አለው ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1937 የናፖሊዮን ሂል «አስብና በልጽግ» ታተመ። ጊዜውን ልብ እንበል። ከአራት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1933፣ በአሜሪካ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር። ባንኮችና ፋብሪካዎች በተዘጉበት አገር «የሀብት ምንጭ ሐሳብህ ነው» የሚል ቃል መጽናኛ ነበር፤ ከእጅ ያልወጣ አንድ ነገር አለ ማለቱ ነውና። ነገር ግን ያው ቃል ሌላ ፍርድም ተሸክሞ መጣ። ሀብት ከሐሳብ የሚመነጭ ከሆነ ድህነትም የሐሳብ ጥፋት ይሆናል። ሂል የዚህ የሀብት ምስጢር ምንጭ የብረት ቱጃሩ አንድሩ ካርኔጊ እንደሆነና እ.ኤ.አ. በ1908 እንዳነጋገረው ይተርካል፤ ከራሱ ከሂል ቃል በቀር ይህን የሚያረጋግጥ ሰነድ ግን አልተገኘም። ዘርፉ በማስረጃ ፈንታ በምስክርነት መቆም የጀመረበትን መንገድ ይህ ትረካ በደንብ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የሮንዳ በርን «ምስጢሩ» የዚህ ጉዞ ጫፍ ነው። በርን መነሻዋ የዋትልስ መጽሐፍ እንደነበር ራሷ ተናግራለች። በእሷ ትምህርት ሐሳብ እንደ ማግኔት አምሳያውን ይስባል፤ ገንዘብ ያጣ ሰውም ገንዘቡን በሐሳቡ ያገደ ሰው ነው። ከስማይልስ እስከ በርን ባለው ጊዜ ውስጥ ዘርፉ ምን እንደጣለ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። የእጅ ሙያ፣ የዓመታት ልፋት፣ ጓደኛና መምህር ከመድረኩ ወርደዋል፤ የቀረው ዐይኑን ጨፍኖ የሚመኝ ብቸኛ ሰው ነው።

መመኘት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያራምድ ተመርምሯል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጋብርኤሌ ኤቲንገን ከዶሪስ ማየር ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ጥናት ሥራ የሚፈልጉ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ምሩቃንን ተከታትላለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ስኬታቸውን በምናብ አዘውትረው ያጣጣሙት ያገኙት የሥራ ጥሪ ያነሰ፣ ደመወዛቸውም ዝቅ ያለ ነበር። «ይሳካልኛል» የሚል እምነት የነበራቸው ግን ተሳክቶላቸዋል። ተስፋና የቀን ህልም አንድ እንዳልሆኑ ይህ ልዩነት ያስተምራል። ተስፋ ካለፈ ልምድ ተነሥቶ ወደ ሥራ ይገፋል፤ የቀን ህልም ያልተገኘውን እንደተገኘ አስቀድሞ አጣጥሞ ጉልበትን ያላላል። ጆአን ውድና ባልደረቦቿም እ.ኤ.አ. በ2009 ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋል። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ቃል ሲደጋግሙ ስሜታቸው ብሷል። መድኃኒቱ ይበልጥ የጎዳው ይበልጥ የሚፈልገውን ሰው ነው ማለት ነው።

ይሁንና ዘርፉን በጅምላ መኮነን ስሕተት ይሆናል። ሐኪሙ ዴቪድ በርንስ እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ድብርት ያሳተመው መጽሐፍ በፎረስት ስኮጊንና በባልደረቦቹ ተፈትኖ፣ ለጥቂት ሳምንታት ያነበቡት ሰዎች ተራ ሲጠብቁ ከቆዩት ይልቅ ተሽሏቸው ተገኝቷል። ይህ መጽሐፍ ግን በየዕለቱ የሚሠራ ልምምድ ይሰጣል፤ በጥናቱም ለአንባቢዎቹ በስልክ እየደወለ «እንዴት እየሄደ ነው?» የሚል ሰው ነበር። ንባቡ የፈወሰው ከሥራና ከጠያቂ ወገን ጋር ሆኖ ነው። ደስታን በተመለከተም እ.ኤ.አ. በ1938 የተጀመረው የሃርቫርድ የረጅም ዘመን ጥናት ወደዚያው ያመለክታል፦ በእርጅና ደኅንነትን ከሚተነብዩት ነገሮች ግንባር ቀደሙ ከሰው ጋር ያለ ሞቅ ያለ ግንኙነት ነው።

ይህ ሁሉ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። በአዲስ አበባ መንገዶች ክምራቸውን በክንዳቸው ይዘው ከሚዞሩ መጽሐፍ ሻጮች እጅ የስኬት መጻሕፍት ትርጉም አይጠፋም፤ የአነቃቂ ተናጋሪዎች አዳራሽም ወጣት አያጣም። ይህን ፍላጎት በንቀት ማየት አይገባም። «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» እየተባለ በሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ «ሕይወትህ ገና አልተጻፈም» የሚል መጽሐፍ ነፃ ያወጣል። የእነዚህ መጻሕፍት ትልቁ ውለታ እዚህ ላይ ነው፤ ትልቁ አደጋቸውም እዚሁ ነው። ዲግሪውን ይዞ ሥራ ያጣው፣ የኑሮ ውድነት ደመወዙን የበላበት ወጣት ዕድሉን መውቀስ ትቶ ራሱን መውቀስ ይጀምራል። የዕድል ቀንበር ወርዶ የጸጸት ቀንበር ይጫንበታል።

በዚህ ረገድ የራሳችን ጸሐፊ ከብዙዎቹ ርቀው አይተዋል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»፣ የሀብትን ምንጭ ከሥራና ከዕውቀት ጋር አያይዘው መርምረዋል። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ለፍቶ ያመረተውን፣ ዕውቀት ያለው በጥቂት ድካም ከሠራው ጋር ሲለዋወጥ እንደሚጎዳ አሳይተዋል። ስለ መንገድ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ገንዘብና ስለ አስተዳደር የጻፉትም የአንድ ሰው ትጋት ፍሬ የሚያፈራው ሥርዓት ሲያግዘው እንደሆነ ስለተረዱ ነው። የሚገርመው፣ ገብረ ሕይወትና የዘመናቸው ምሁራን እንደ አርአያ ያዩዋት ጃፓን የስማይልስን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1871 በናካሙራ ማሳናኦ ትርጉም በሰፊው አንብባዋለች። ጃፓን ግን መጽሐፉን ያነበበችው ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ እየገነባች ነው። የግለሰቡ ትጋት የሚያርፍበት መሬት ነበረው።

እኛም ቢሆን መነሻ አላጣንም። ዕቁብ ያለ ባንክ ዋስትና ለሱቅ መነሻ ገንዘብ ሰጥቷል፤ ዕድር ሐዘንተኛን ብቻውን አልተወም። ሁለቱም በየቀጠሮው መገኘትን፣ ቃል መጠበቅንና ቁጠባን ያስለምዳሉ፤ የስኬት መጻሕፍት በምዕራፍ በምዕራፍ የሚመክሩትን ጠባይ ማለት ነው። የጎደላቸው ንባብ ነው። መጻሕፍቱ የጎደላቸው ደግሞ ሸንጎ ነው። አሥር ጓደኛሞች በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ አንብበው «ከዚህ ውስጥ ምን ሠራን? የከለከለንስ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠያየቁ፣ ስንፍናው እንደ ስንፍና፣ የሥርዓት እንቅፋቱም እንደ እንቅፋት ተለይቶ ይታያል። ብቻውን የሚያነብ ሰው ይህን ለመለየት ይቸገራል፤ ሁሉም በእሱ ጥፋት የሆነ ይመስለዋል።

የሊድስ ወጣቶች የስማይልስን መጽሐፍ አንብበው አልተሰበሰቡም። ገና አልተጻፈም ነበር። አስቀድመው ተሰባሰቡ፣ ሌላው የሸሸውን ክፍል ተከራዩ፣ ያላቸውን ጥቂት ዕውቀት ተካፈሉ፤ መጽሐፉ ከዚያ ተወለደ። ዛሬ መጽሐፉ በየመንገዱ አለ፤ መከራየት ያለብን ክፍሉን ነው።