የታላላቅ ባንዶቻችን ደረጃ፤ ከአዳማ ሲመዘን

መግቢያ

ከሁሉ የሚበልጠው ባንድ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ የሮክ ሙዚቃ ወዳጆችን በዓለም ዙሪያ ሲያሟግት የኖረ ጥያቄ ነው። በእኛም ኮሌጅ ከእራት በኋላ ተማሪዎች ስለ አገራችን ሙዚቃ በዚሁ ጉዳይ ሲከራከሩ መስማት የተለመደ ነው። ይሁንና ክርክሩን በጥሞና ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ታላቁን ባንድ ጥራ የተባለው ተማሪ የሚጠራው ዘፋኝ ነው። አንዱ ጥላሁን ገሠሠን፣ ሌላው ማሕሙድ አሕመድን፣ ሦስተኛው ዓሊ ቢራን ይጠራል። ከዘፋኙ ኋላ ቆሞ የተጫወተው ማን ነው ቢባል ግን አብዛኛው ዝም ይላል። የባንድ ስም የሚጠራ ቢገኝ በውጭ አገር ዳግም የታተሙትን ሙዚቃዎች የሰማ ነው፤ እርሱም ያለ ማመንታት ዋልያስን ያስቀድማል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልማድ መመርመርና ባንዶቻችንን በሚገባቸው መመዘኛ ለማስቀመጥ መሞከር ነው። ጸሐፊው ነገሩን የሚያየው ከአዳማና ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች ማለትም ከቢሾፍቱ፣ ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከባቱና ከሻሸመኔ ሆኖ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ታላላቆቹ ባንዶች የሚጫወቱባቸው ሆቴሎች ያሉት በአዲስ አበባ ነበር። እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ድምፃቸው እንጂ መድረካቸው አልነበረም። ስለዚህ ከመድረኩ ድምቀት ተለይቶ ሙዚቃው ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ ለመለካት ከዚህ የተሻለ ስፍራ ያለ አይመስለኝም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ መመዘኛው

በሮክ ሙዚቃ ዓለም ባንድ ማለት ራሱ ደርሶ፣ ራሱ ዘፍኖ፣ ራሱ የሚጫወት ማኅበር ነው። ቢትልስን ወይም ሮሊንግ ስቶንስን ስንጠራ ዘፋኙና ተጫዋቹ በአንድ ስም ይጠቃለላሉ። የእኛ አገር ሥርዓት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ባንዱ አንድ ሲሆን በፊቱ የሚቆሙት ዘፋኞች ብዙ ናቸው። በካሴቱ ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶግራፍ ሰፍቶ ይታያል፤ የባንዱ ስም ከታች በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ የተጫዋቾቹ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አይገኝም። ስለዚህ የሮክ ባንዶችን የምንመዝንበትን ሚዛን እንዳለ አምጥተን ብንጠቀምበት ባንዶቻችን ሁሉ ጎዶሎ ሆነው ይታያሉ።

ተገቢው ማነጻጸሪያ ከዚያው ከውጭ አገር ሊገኝ ይችላል። በዲትሮይት ከተማ የሞታውን ኩባንያ አጃቢ የነበሩት ፈንክ ብራዘርስ የተባሉት ተጫዋቾች ከ1959 ጀምሮ ኩባንያው በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ እስኪዛወር ድረስ ለአያሌ ዘፋኞች ሲጫወቱ ኖረዋል። ዘፈኖቹን ዓለም ሁሉ ሲያውቃቸው የተጫዋቾቹን ስም ግን ለረጅም ጊዜ ያወቀ ጥቂት ነበር። የእኛ ባንዶች ወገን ከእነዚህ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት መዘምራን መካከል በአራት ድምፅ መዘመር የተማረ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። ምእመናኑ የሚያደንቁት ላይኛውን ድምፅ ነው። ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው ልጅ አይመሰገንም፤ ነገር ግን እርሱ አንድ ጊዜ ዝም ያለ እንደሆነ የቀሩት ሁሉ ዜማቸው ይጠፋባቸዋል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት መመዘኛዎችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ባንዱ የየዘፋኙን ጠባይ ሳያጠፋ ስንት የተለያየ ድምፅ ሊሸከም ቻለ? ሁለተኛ፣ የአጨዋወቱ ስልት ከእርሱ በኋላ ለመጡት መማሪያ ሆነ ወይስ አልሆነም? ሦስተኛ፣ ሙዚቃው ከዋና ከተማው ወጥቶ እስከ የት ደረሰ?

ደረጃው

1ኛ. አይቤክስና ሮሃ። እነዚህን ሁለቱን እንደ አንድ የምቆጥራቸው ሮሃ ከአይቤክስ የወጣ በመሆኑና ዋና ዋና ተጫዋቾቹ፣ በተለይም የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮና ጊታር ተጫዋቹ ሰላም ሥዩም፣ በሁለቱም ውስጥ ስለሚገኙ ነው። አይቤክስ በ1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «እረ መላ መላ»ን ተጫወተ። ይህ ሥራ በ1986 በቤልጅግ አገር ታትሞ የውጭው አድማጭ ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን እንዲያውቅ ካደረጉት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ሆነ። ሮሃ ደግሞ በ1980ዎቹ ለማሕሙድ፣ ለኤፍሬም ታምሩ፣ ለነዋይ ደበበና ለሌሎች አያሌ ዘፋኞች ተጫውቷል።

ልብ ሊባል የሚገባው የአጨዋወቱ ስልት ነው። የቀደሙት የጦር ክፍል ባንዶች ብዙ ናስ ነበራቸው። አይቤክስና ሮሃ ግን ቁጥራቸው ጥቂት ስለ ነበረ ቤዝ ጊታሩን የዘፈኑ ምሰሶ አደረጉት። የችክችካውን ምት ድራሙ ሲጠብቅ ቤዙ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለስባታል፤ በዚህ ላይ ዘፋኙ እንደ ልቡ ይዘገያል፣ ይቀድማል፣ ያስረዝማል። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ፣ ቅኝቱ በምዕራባውያን አኮርድ ብዛት አልታፈነም። ለዚህም ነው የኤፍሬም ለስላሳ ድምፅና የማሕሙድ ተንቀጥቃጭ ድምፅ በአንድ ባንድ ፊት ቆመው እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ሆነው የተገኙት። ዓሊ ቢራም ከአይቤክስና ከሮሃ ጋር በኦሮምኛ ሠርቷል። በአንድ ሱቅ ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ ሳይለያዩ በሚነገሩበት በአዳማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱን ቋንቋ ከአንድ ባንድ እጅ ሰምተናል።

ስለ ሦስተኛውም መመዘኛ መናገር ይገባል። ሸክላ ለመስማት ማጫወቻው ያለው ሰው ያስፈልግ ነበር። ካሴት ግን በአውቶቡስ ውስጥ፣ በሻይ ቤትና በጸጉር አስተካካይ ቤት ይሰማል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የሌሊቱን ጭፈራ ሲያጠብበው ካሴቱ በየቤቱ ገባ። ከወንጂ እስከ ሻሸመኔ ያለው ሰው ራስ ሆቴልን ሳያይ የሮሃን ድምፅ ያወቀው በዚህ መንገድ ነው።

2ኛ. የክቡር ዘበኛ ባንድ። ዘመናዊ ባንድ በአገራችን የተወለደው በመንግሥት ቤት ነው። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት 40 የአርመን ወጣቶችና አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን መሠረቱን ጣሉ፤ ከዚያም ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊትና የጦር ሠራዊት የየራሳቸውን ባንድ አቆሙ። ከእነዚህ ሁሉ የክቡር ዘበኛ ባንድ ይቀድማል። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ በዚያ አልፈዋል፤ ዓሊ ቢራም ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ እንዲሁ። የናስ መሣሪያዎቹ ዘፋኙ ስንኙን በጨረሰ ቁጥር የሚሰጡት መልስ አዝማሪው በመሰንቆው ለራሱ የሚሰጠው መልስ ነው፤ መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም። ይህን ያህል ካመሰገንሁ በኋላ ሁለተኛ ያደረግሁበት ምክንያት ተጫዋቹ ወታደር ስለ ነበረ ነው። ምን እንደሚጫወት፣ ለማን እንደሚጫወት የሚወስነው ሌላ ነው። በታኅሣሥ 1960 የክቡር ዘበኛ አዛዥ የመፈንቅለ መንግሥቱን ሙከራ በመሩ ጊዜ ጥላሁን ታስሯል። የሙዚቃ ሰዎች ዕጣ ከጦሩ ዕጣ ጋር እንዴት የተሳሰረ እንደ ነበር ይህ ያስረዳል።

3ኛ. አፍረን ቀሎ። ይህ ማኅበር በ1960ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋ የተቋቋመ ሲሆን በሥልጠናና በመሣሪያ ብዛት ከላይ ከተጠቀሱት ጋር ሊወዳደር አይችልም። መንግሥትም አላገዘውም፤ ይልቁንም ከለከለው፤ አባሎቹም ተበተኑ። በዝርዝሮች ላይ ስሙ የማይገኘውም የቡድኑ ሙዚቃ በዋና ከተማው ሆቴሎች ስላልተሰማ ነው። ነገር ግን ገና በልጅነቱ የዘፈነው ዓሊ ቢራ «ቢራ» የሚለውን ስሙን ያገኘው በዚሁ ማኅበር ውስጥ ከዘፈነው ዘፈን ነው። ኦሮምኛ በዘመናዊ መሣሪያ ሊዘፈን እንደሚችል ያሳየው ይህ ቡድን ነው። ዓሊ ቢራ በኅዳር 2022 ያረፈው እዚሁ በአዳማ በሆስፒታል ነበር። አንድ ባንድ እንዲህ ያለውን ድምፅ ካስገኘ የዕድሜው ማጠር ደረጃውን ሊያሳጣው አይገባም።

4ኛ. ዋልያስ። ዋልያስ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ሲጫወት የነበረ ባንድ ነው። በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» ያለ ዘፋኝ የተሠራ በመሆኑና የግርማ በየነን «ሙዚቃዊ ስልት» በመያዙ በውጭ አገር እጅግ ተወደደ፤ ብዙ የውጭ ባንዶችም ያንኑ ሙዚቃ ተጫውተውታል። የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠርቷል። ወደ ሐረር የሚሄደው መንገድ በአዳማ የሚያልፍ ቢሆንም ያ ሙዚቃ ግን እዚህ የሮሃን ያህል አልቆመም። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ ከአባሎቹ አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ፤ ኃይሉም በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቷል።

5ኛ. ጃኖ። ጃኖ በእርግጥ ሮክ ሊባል የሚችል ባንድ ነው። በ2012 ያወጣው «ኤርታሌ» አሜሪካዊው ቢል ላዝዌል ያቀናበረው ሲሆን የሚያጓራ ጊታር ከቅኝቶቻችን ጋር ለማዋሐድ የተደረገ ሙከራ ነው። ሥራው ገና ብዙ ስላልሆነ ከላይኞቹ ጋር እኩል ሊቆም አይችልም። ሆኖም አራት ድምፃውያን በአንድ የባንድ ስም ሥር መቆማቸው የአገራችንን ልማድ የገለበጠ በመሆኑ ከዝርዝሩ ሊቀር አይገባም።

ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ፣ «ስለ ባንድ የምታወራ ከሆነ ያለ ዘፋኝ የቆመው ዋልያስ አንደኛ መሆን ነበረበት» የሚል ነው። ይህ ጠንካራ ነገር ነው። መመዘኛው የባንዱ ራሱን መቻል ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም እስማማ ነበር። ነገር ግን በእኛ ባህል ባንድ የሚፈተነው በማጀብ ነው። ደግሞም ዋልያስ አሁን ያለው ዝና የመጣው በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የጀመሩት ኢትዮጲክስ የተባለው ተከታታይ እትምና ከእርሱ በኋላ የመጡት እትሞች በውጭው አድማጭ ዘንድ ካስነሡት ፍላጎት ነው። የውጭው አድማጭ ቋንቋውን ስለማያውቅ ቃል የሌለውን ሙዚቃ መምረጡ አያስደንቅም። እኛ ቃሉን የምንሰማ ሰዎች ግን የእርሱን ምርጫ እንደ ራሳችን ፍርድ አድርገን የምንደግምበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሻሸመኔ የሚመጡ ጓደኞቻችን የሚያነሡት ነው። በ1948 ንጉሠ ነገሥቱ በሻሸመኔ ለጥቁር ሕዝቦች መሬት ከሰጡ በኋላ ከጃማይካ የመጡት ራስ ተፈሪያውያን ሬጌን ይዘው መጥተዋልና ሬጌ ለምን ተረሳ ይላሉ። አልረሳሁትም። ነገር ግን በሬጌ ታላቅ ስም ያገኘው የኢትዮጵያውያን ባንድ ዳሎል በቺካጎ የተቀመጠ ነበር፤ አባሎቹም በ1988 ዚጊ ማርሊ ባወጣው «ኮንሸስ ፓርቲ» ላይ ተጫውተዋል። ያ አልበም የግራሚን ሽልማት ሲያገኝ ከተጫዋቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን እንደ ነበሩ የሚያውቅ ተማሪ ስንት ነው? ይህም የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አይደለም።

መደምደሚያ

ይህ ክርክር የእራት በኋላ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁት ነበር። ኪቦርድና የድራም ማሽን ከመጡ ወዲህ አንድ ሰው ብቻውን የባንድን ሥራ ሁሉ ሊሠራ ችሏል። በከተሞቻችንም ሠርግና ሆቴሎች አንድ ዘፋኝና አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ቆመው ማየት የዘወትር ነገር ነው። ሙዚቃ ለመማር የሚፈልግ ወጣት ዘፋኝ መሆን ይመኛል፤ ቤዝ ጊታር ወይም ሳክስፎን እማራለሁ የሚል ግን ጥቂት ነው። የምናከብረው ዘፋኙን ብቻ ከሆነ ይህ ሊያስገርመን አይገባም። ደረጃ የሚሰጥ ሰው ሳያውቀው ለሚመጣው ትውልድ የትኛው ሙያ ክብር እንዳለው ይነግረዋል።

ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቼ አንድ ሥራ አቀርባለሁ። በመጪው የዕረፍት ጊዜ እያንዳንዳችን ወደየከተማችን ስንሄድ፣ በየሙዚቃ ቤቱና በየዘመዶቻችን ቤት የቀሩትን ካሴቶች እናገላብጥ፤ በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የባንድ ስምና የተጫዋች ስም እንገልብጥ፤ ስሙ ባልተጻፈበትም ታላላቆቻችንን ጠይቀን እንመዝግብ። የተሰበሰበው በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ደረጃውን ከዚህ በተሻለ ማስረጃ ሊያርሙት ይችላሉ። እስከዚያው ድረስ ግን በአዳማ ሚዛን አንደኛው ሮሃ ነው እላለሁ።