ማደሪያ መለወጥ

የዕረፍትን ጊዜ ከቤተሰብ ጋራ በአንድ ማደሪያ ብቻ ከመፈጸም ይልቅ፥ መንፈቁን በደጋ፥ መንፈቁንም በቆላ ማሳለፍ እጅግ የሚመሰገን ልማድ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመሠረቷት፥ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በደብረ ብርሃን፥ በጋቢ ተጠቅልሎ የሰነበተ ቤተሰብ፥ ጓዙን ሸክፎ፥ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፥ የደብረ ሲናን ቍልቍለት ወርዶ፥ ማሾ ከሚዘራበት ከቀወት ምድር፥ ከሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ፥ በአንዲት ጀንበር ሌላ ዓለም ይገለጥለታል፤ ትናንት ከእሳት ዳር አልርቅም ያለው ሕፃን ዛሬ በማንጎ ጥላ ሥር ይቦርቃል፥ ቁርጥማት ያሠቃያቸው አያቱም በዚያው በይፋት ቆላ ሙቀት ጕልበታቸው ይፍታታል። ጓዝ መሸከፉ ያደክማል የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋራ የሚጋገዙበት ያ ማለዳ ራሱ የዕረፍቱ በረከት ነው። ይህ ማደሪያ መለወጥም የደጋው ውርጭ በሚጸናበት፥ የቆላውም ሐሩር በሚለዝብበት በታኅሣሥና በጥር ሲሆን ይበልጥ ያስደስታል።