ወጋየሁ ያነበበው፣ አያቴ የሰማችው

«ፍቅር እስከ መቃብር» ሁለት ነው። አንዱ በ1958 ዓ.ም. የታተመው፣ ከ500 ገጽ በላይ ያለው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራበት የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ነው። ሌላው በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት፣ ወጋየሁ ንጋቱ የተረከው ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል። ስለ ሁለተኛው የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ናፍቆት ነው፤ «አይ ወጋየሁ! አይ ያ ዘመን!» ተብሎ ይታለፋል። ናፍቆቱ እኔም አለብኝ። ይሁንና የልጅነት ሬዲዮን እንደ ድሮ ከረሜላ ጣዕሙን ብቻ እያነሱ ማስታወስ ሥራውን ማሳነስ ይመስለኛል። ያ ትረካ ንባብ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች መጽሐፉን ያነበቡበት፣ የተከራከሩበት፣ አንዳንዴም ሃያሲዎቻችን እምብዛም ያልቆሙበት ቦታ ላይ የቆሙበት ንባብ።

እኛ ቤት፣ ደሴ፣ ሬዲዮው ከነቆዳ ልብሱ፣ ዳንቴል ተደርቦለት ቁም ሳጥን አናት ላይ ይቀመጥ ነበር። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ለአንድ ትረካ የሚሆን ነፍስ ይዘራል። ሰዓቱ ሲደርስ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይቀርባል። «ዝም በሉ!» እያለ የሚጮኸው ሰው ራሱ ዝም ይላል።

ወጋየሁ ምን አደረገ? መጽሐፉ ላይ ማን እንደተናገረ የምናውቀው «አሉ ፊታውራሪ» ስለሚል ነው። በሬዲዮ ግን ፊታውራሪ መሸሻ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ሎሌው ሲንቀጠቀጥ ይታየን ነበር። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ስለሆነ ዝምታን ያውቅበታል፤ የት ትንፋሽ እንደሚወሰድ፣ የትኛው ቃል ሳይቸኩሉ መቀመጥ እንዳለበት። ከሁሉ በላይ ግን የሐዲስን ዝግታ አላፈረበትም። ሐዲስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፈ፣ ጽሑፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ እየሰማ ያደገ ሰው ነው። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ይመለሳል፣ ያንኑ ነገር በሌላ ቃል ይደግማል። ዓይን ይህን ሲያይ ይዘላል (ተማሪ ሳለን ስንቶቻችን ነን የዘለልነው!)። ጆሮ ግን መዝለል አይችልም። በትረካው መንዘላዘል መሆኑ ቀርቶ ወግ ሆነ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። መጽሐፉ ሲተች ብዙ ጊዜ የሚቀድመው መደብ ነው። የፊታውራሪ ትዕቢት፣ የገበሬው ዓመፅ፣ የጭሰኛ ልጅ ከባላባት ልጅ ጋር መዋደዱ። ትክክል ነው፤ መጽሐፉ ይህን ሁሉ ይዟል። እኛ ቤት የተሰበሰቡት ሴቶች ግን ስለ መደብ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። እነሱን ያባላቸው ስለቱ ነበር። ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ በዛብህን ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል፤ ሚስት ላያገባ። ልጁ አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ አንቆ የያዘው የፊታውራሪ ጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ ሳይጠየቅ በስሙ የተገባ ቃል ጭምር ነው።

ሙስሊም ጎረቤታችን ይህ ነገር ፈጽሞ አልዋጥላት አለ። «ወላሂ፣ በግ ይሳላሉ፣ ጃንጥላ ይሳላሉ፤ ልጅ ይሳላሉ እንዴ?» ትላለች። አያቴ ትቆጣለች። «ልጅ ለአፈር ያልሰጠ ሰው አይፍረድባት!» እሷ ሦስት ሰጥታለች። አራተኛዋን፣ እናቴን፣ ያገኘቻት ግሸን ማርያም ተስላ ነው፤ ልጅቱ ካደገችልኝ በየዓመቱ መስከረም 21 በእግሯ ትሳለምሻለች ብላ። እናቴም ትሄድ ነበር። እርጉዝ ሆና ሄዳለች፣ ታማም ሄዳለች።

ታዲያ ከሳምንታት በኋላ፣ በዛብህ በፍቅሩና በስለቱ መሀል ሲንገላታ የሚተረክበት ምሽት ላይ፣ አያቴ ማንም ሳይጠይቃት «የተሳልነው እኛ፣ ከፋዩ ልጅ» አለች። ውድነሽ አላለችም፤ እኛ ነው ያለችው። ጎረቤታችንም የዚያን ቀን መልስ አልሰጠችም። እናቴ ቡና ትቀዳ ነበር። ቀና አላለችም።

ይህን የማነሳው አያቴን ሃያሲ ብዬ ለመሾም አይደለም። ግን ከዚያ በኋላ መጽሐፉን በወረቀት ሳነበው ያየሁት እሷ ያሳየችኝን ነው። በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ክፉዎቹ ብቻ አይደሉም ልጆችን የሚያጠፉት። ውድነሽ ትወዳለች፤ በመውደዷም ታስራለች። ፊታውራሪን ከሥልጣን ብታወርዷቸው እንኳ ስለቱ ይቀራል። መጽሐፉ ከዘውዱ በኋላ፣ መሬት ላራሹ ከታወጀም በኋላ፣ ያንን ሁሉ ሰው በየቤቱ ያስለቀሰው አንድም በዚህ ይመስለኛል።

ትረካው የወሰደብንም ነገር አለ፤ ወጋየሁን ስለምንወድ አንናገረውም እንጂ። ፊታውራሪ መሸሻ በእሱ አንደበት እጅግ ጣፈጡ። ፉከራቸው ያስቀን ስለነበር የሚያስገብሩት ሰው ረሃብ ራቀን። ከዚህ የባሰው ግን ጉዱ ካሳ ላይ የሆነው ነው። ካሳ ዳምጤ የመጽሐፉ አሳቢ ነው። ወግና ልማድን እየፈታታ የሚመረምር፣ እውነት ስለተናገረ እንደ እብድ የተቆጠረ ሰው። ገጹ ላይ ቆም ብለህ፣ ተመልሰህ፣ እንደገና ልታነበው ትችላለህ። ሬዲዮ ግን አይመለስም። በእኛ ቤት ጉዱ ካሳ ንግግሩን ሳይጨርስ ሳቁ ይቀድመው ነበር። የዲማ ሰዎች እንደሳቁበት እኛም ሳቅንበት ማለት ነው። ይህን የተራኪው ጥፋት አልለውም፤ ረጅም ሐሳብ በድምፅ ብቻ ሲመጣ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፣ የእኛ ጆሮ ደግሞ የያዘው ቀልዱን ነበር።

ዛሬ ትረካ ሞልቷል። ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ቴሌግራም ላይ አለ፤ ባትሪ ድንጋይ ማሞቅ የለም፣ ሳምንት መጠበቅም የለም። ጥሩ ድምፅ ያላቸው ልጆችም አሉ። ችግሬ ዋሽንቱ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከሥር ይነፋል፤ ገና ማንም ሳይሞት እንድናዝን ያዘናል። ወጋየሁ ዝም የሚልበት ቦታ ላይ እነሱ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጉታል። አያቴ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር የተናገረችው እንዲህ ባለ ዝምታ ውስጥ ገብታ ነው። ከዚያ ደግሞ የሚሰማው ሰው ብቻውን ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ፣ ታክሲ ውስጥ። «ልጅ ይሳላሉ እንዴ?» የሚለው ጎረቤት አጠገቡ የለም።

አንድ ወጣት ተራኪ ጉዱ ካሳን ድምፁን ሳይለውጥ፣ ሳያስቅ፣ እንደ ማንኛውም የተማረ ሰው ቀስ ብሎ ቢያነብልን ግን ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ያለ ዋሽንት ከሆነ።