ካሜራው ያላየው ዓሣ

የብራዚላዊውን የአንድሩቻ ዋዲንግተንን «የአሸዋ ቤት» (እ.ኤ.አ. 2005) ሁለት ጊዜ አየሁት። ፊልሙ የተቀረጸው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ጠረፍ በሚገኘው የሌንሶይስ ማራኜንሲስ ብሔራዊ ፓርክ ነው። «ሌንሶይስ» በፖርቱጋልኛ አንሶላዎች ማለት ሲሆን፣ ነፋስ ከባሕሩ ዳር እየገፋ የከመረው ነጭ አሸዋ በእርግጥም የተሰጣ አንሶላ ይመስላል።

ነፍሰ ጡሯን አውሪያን ባሏ በ1910 ወደዚያ ያመጣታል፤ እሱ ይሞታል፣ እሷ ከእናቷ ጋር ትቀራለች። ዛሬ እወጣለሁ ነገ እወጣለሁ ስትል በ1969 አሮጊት ሆና እዚያው እናገኛታለን። ፈርናንዳ ሞንቴኔግሮና ፈርናንዳ ቶሬስ በእውነተኛው ሕይወትም እናትና ልጅ ናቸው፤ ትወናቸው ያስደምማል። ቤቱን ቀስ እያለ የሚውጠው አሸዋም ከእነሱ አይተናነስም።

ቅሬታዬ ወዲህ ነው። ለዋዲንግተን ያ ምድር ወኅኒ ነው። አገሩ ግን ምድረ በዳ አይደለም። በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት ዝናቡ ይወርድና በአሸዋ ክምሮቹ መካከል ሐይቆች ይሞላሉ፤ ዓመቱ ሲገባደድ ብዙዎቹ ይደርቃሉ። ውኃው ሲሸሽ አንድ የዓሣ ዓይነት እርጥቡ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል፤ ፒኒንጋ የምትባለው ኤሊም መሬት ውስጥ ገብታ የሚቀጥለውን ዝናብ ትጠብቃለች። ስለ መጠበቅ የሚተርክ ፊልም ከእግሩ ሥር ያሉትን ጠባቂዎች እንዴት ዘለላቸው?

ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ዘር የሆነው ማሱ እዚያ መኖርን ያውቅበታል። ካሜራው ግን ከአውሪያ ዓይን አልወጣም። እኔ ደግሞ ያንን አገር በማሱ ዓይን ማየት ነበር የፈለግሁት።