ባትሪ የማትጠይቀው መለከት

ፈረንሳዊው የማህፀን ሐኪም አዶልፍ ፒናር በ1895 እ.ኤ.አ. የሠራት የፅንስ ልብ ማዳመጫ ከእንጨት ወይም ከአሉሚኒየም የተበጀች፣ ውስጧ ክፍት የሆነ ትንሽ መለከት ናት። ሰፊው አፏ እናትየዋ ሆድ ላይ፣ ጠፍጣፋው ጫፏ አዋላጇ ጆሮ ላይ ያርፋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጥበቡ ያለው አዋላጇ ዘንድ ነው። አስቀድማ ሆድ ዳብሳ የፅንሱን ጀርባ ታገኛለች። መሣሪያዋን በጆሮዋ ደገፍ አድርጋ እጇን ትለቃለች፤ በጣቶቿ ደግሞ የእናትየዋን የእጅ አንጓ ትይዛለች፣ የሁለቱ ትርታ እንዳይምታታባት። ከዚያ ሰዓቷን እያየች ትቆጥራለች። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ከሆነ ደህና ነው።

መብራት በማይታመንበት ጤና ጣቢያ ይህች መለከት ባትኖር፣ የተጨነቀ ፅንስ ሳይታወቅ ሪፈር የሚባልበት ሰዓት ያልፋል። በኢትዮጵያም አዋላጆች ዛሬም ይሠሩባታል።