የሙዚቃ ሐያሲን ሥራ መመዘን

የሙዚቃ ሐያሲን ሥራ ጥሩ የሚያሰኘው ፍርዱን አንባቢው በገዛ ጆሮው ሊያረጋግጠው መቻሉ ነው። «ዜማው ልብ ይነካል» የሚል ጽሑፍ ስለ ጸሐፊው ስሜት ይናገራል። «ዘፈኑ በአንቺሆዬ ቅኝት ጀምሮ መሐል ላይ ወደ ትዝታ ይሻገራል፤ የሚሻገረውም ሌላው መሣሪያ ጸጥ ብሎ ማሲንቆው ብቻውን ሲቀር ነው» የሚል ግን አንባቢውን ተነስቶ ዘፈኑን እንደገና እንዲሰማ ያደርገዋል። ይህኛው ሊሳሳት ይችላል፤ ቢሳሳትም የሰማ ሁሉ ያርመዋል። የፊተኛውን ማንም ሊያርመው አይችልም፤ ከሱ የሚማርም የለም።

በኢትዮጵያ ይህ ዓይነቱ ምዘና ከጋዜጣም ከሬዲዮም በፊት የነበረ ነው። ዋሸራን በመሰሉ የጎጃም ቅኔ ቤቶች ተማሪው የዘረፈውን ቅኔ ለመምህሩ ያሰማል። መምህሩ ቤቱ መምታቱን፣ የዜማው ልክ መጠበቁን፣ ሰሙ ከወርቁ መገጣጠሙን ይመረምርና ጉድለቱን ቦታውን ጠቁሞ ያቃናል። የድጓ ደቀ መዝሙርም ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ በመምህርነት ለመቀመጥ ይቸገራል። ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ ዳኛው ራሱ የሚቀኝ፣ ራሱ የሚያዜም ሰው ነው፤ ሲነቅፍም ጥፋቱ ያለበትን ቦታ ለይቶ ያሳያል። በዓለማዊው ወገን ዳኝነቱ የአድማጩ ነው። እንደ ዳንግላ ባለ የመንገድ ከተማ አዝማሪ ሲጫወት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አቀባበሉ ካማረ ይሸልመዋል፣ ከደከመም ፊቱን ወደ ገዛ ወጉ ይመልሳል። ፍርዱ ፈጣንና ሐቀኛ ነው። ምክንያቱ ግን አይነገርም፤ በማግሥቱም የሚቀር ነገር የለም። የሐያሲ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በዘመናዊው መንገድ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ከጻፉት ውስጥ እንደ መለኪያ ሊያዝ የሚገባው የአሸናፊ ከበደ ሕይወት ነው። አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1938 (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ ተወለዱ። አሜሪካ ሮቸስተር በሚገኘው የኢስትማን ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ተመረቁ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። በ1971 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን የተቀበሉት በኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ባህላዊ መሠረት ላይ በጻፉት ጥናት ነው። በ1975 ስለ አዝማሪ፣ በ1977 ስለ ክራር፣ በ1982 ደግሞ ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥሮች ጽፈዋል። ኑሯቸውን አሜሪካ አድርገው ሲያስተምሩ ቆይተው በ1998 እዚያው አረፉ።

ከእነዚህ ሥራዎች ውስጥ የክራሩ ጥናት ቀረብ ብሎ ሊታይ ይገባዋል። ክራርና በገና ከአንድ የመሣሪያ ቤተሰብ ናቸው። በገናው ከዳዊት ጋር ተያይዞ ሲከበር፣ ክራሩ የሰይጣን መሣሪያ ተብሎ ሲናቅ ኖሯል። አሸናፊ የክራሩን አሠራርና የክሮቹን አቃኛኘት ከዘረዘሩ በኋላ ይህንን ንቀት እንደ ተራ አጉል እምነት አላለፉትም፤ መሣሪያው ማን እጅ፣ የት ቤት፣ ለምን ዓይነት ዘፈን እንደሚውል ከሚያሳየው ማኅበራዊ ሥፍራ ጋር አያይዘው አነበቡት። ድምፁንና የድምፁን ባለቤት በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አብሮ የያዘ ሐያሲ ብርቅ ነው። ይህን ያስቻላቸው አንዱ ነገር ራሳቸው ሙዚቃ ደራሲ መሆናቸው ነው፤ «እረኛው ዋሽንተኛ» የተሰኘው ሥራቸው የዋሽንትን ድምፅ ከምዕራባውያን ኦርኬስትራ ጋር ያገናኘ ነበር። ሙዚቀኛ የሚቸገርበትን ነገር ሲጽፉ ችግሩን ከውስጥ ያውቁታል።

ይሁን እንጂ ሙዚቃ መሥራት ብቻውን ሐያሲ አያደርግም፤ መለካትም ያስፈልጋል። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኪምበርሊን በ1976 ባቀረቡት ጥናት የማሲንቆ ተጫዋቾችን ቅኝት በመሣሪያ ለክተው፣ አንድ ስም ያለው ቅኝት ከተጫዋች ተጫዋች የድምፆቹ ርቀት እንደሚለያይ አሳይተዋል። የያሬድ ትምህርት ቤት መምህርና የሙዚቃ ደራሲ ዕዝራ አባተም በኢትዮጵያ ቅኝቶች ላይ ጽፈዋል። የእነዚህ ሥራዎች ጥቅም ዛሬ ላይ በግልጽ ይታያል። ኪቦርድ ድምፆቹን በእኩል ርቀት ስለሚያስቀምጥ የአንቺሆዬ ጠባብ ርቀቶች በማሲንቆ ላይ የነበራቸውን ቅርጽ ሊያጡ ይችላሉ። አንድ ዘፈን «ባህላዊ ቃናውን ጠብቋል» የሚል ሐያሲ ይህንን ሳይሰማ ከጻፈ ጽሑፉን ማመን አይገባም።

ከውጭ መጥቶ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለዓለም ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ሌላ ዓይነት ሐያሲ ነው። በእሱ አነሣሽነት የማሕሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» በ1986 አውሮፓ ውስጥ ታተመ፤ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ አልበም አወጣ። ትልቁ ብቃቱ መዝጋቢነቱ ነው። ለአልበሞቹ በጻፋቸው መግቢያዎች ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን ባንዱን፣ አቀናባሪውን፣ አሳታሚውንና ዓመቱን ይጠራል፤ አምሃ እሸቴ በ1969 የጀመረው የሙዚቃ ሸክላ ኅትመት ሥራ ለብዙ አንባቢ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ድክመቱ ከፍቅሩ የመጣ ነው። የአዲስ አበባ የነሐስ ባንዶች ዘመን በጽሑፎቹ እጅግ ገዝፎ ስለቆመ፣ ከዚያ በፊት የነበረው እንደ መንደርደሪያ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው እንደ ውድቀት ሆኖ ይነበባል። ስለ አዝማሪ፣ ስለ በገናና ስለ ክራር አልበሞች ማውጣቱ እውነት ነው፤ የታሪኩ ምሰሶ ግን ያው ባንዱ ነው። አንድን ሐያሲ ሲመዝኑ የወደደውን ብቻ ሳይሆን ውዴታው ምን እንደጋረደበት ማየት ያስፈልጋል።

በስሕተት መመዘንም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከ1825 እስከ 1904 የኖረውና የቪየናን የሙዚቃ ሒስ ለአሥርት ዓመታት የገዛው ኤድዋርድ ሃንስሊክ የሕግ ምሩቅ ሲሆን፣ በ1854 ስለ ሙዚቃ ውበት ባሳተመው መጽሐፍ የሙዚቃን ውበት ከድምፆቹ አደራደር ውጭ መፈለግ እንደማይገባ ተከራከረ። በ1881 የቻይኮቭስኪን የቫዮሊን ኮንቼርቶ ሰምቶ ቫዮሊኑ እንደተደበደበ ቆጥሮ አጣጣለው፤ ኮንቼርቶው ዛሬ በዓለም ከሚወደዱት አንዱ ነው። ሆኖም ሃንስሊክ የሚለካበትን መስፈርት አስቀድሞ በመጽሐፍ ስላኖረ፣ አንባቢ የተሳሳተበትን ቦታ እየተከተለ ሊያየው ይችላል። መስፈርቱን ሳይናገር በአጋጣሚ ትክክል ከሆነ ሐያሲ የበለጠ ያስተምራል።

በአማርኛ የሙዚቃ ሒስ ብዙኃን ዘንድ የደረሰው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነው፤ በዚህ ከሚጠቀሱት አንዱ የሙዚቃ ባለሙያው ሠርፀ ፍሬስብሐት ነው። ሬዲዮ ለሐያሲ ጽሑፍ የማይሰጠውን ዕድል ይሰጠዋል፦ የሚናገርለትን ድምፅ ወዲያው ማሰማት ይቻላል። ጥሩ ዝግጅት የሚታወቀው ይህን ዕድል በመጠቀሙ ነው። አቅራቢው ስለ ዘፋኙ የሕይወት ታሪክ ሲያወራ ቆይቶ ዘፈኑን መጨረሻ ላይ የሚለቅ ከሆነ፣ ያቀረበው የሕይወት ታሪክ እንጂ ሒስ አይደለም። ግጥሙን ብቻ አንስቶ የሚተነትን ከሆነም የሥነ ጽሑፍ ሒስ ነው። የአማርኛ አድማጭ ግጥም ስለሚወድ ይህ መንሸራተት የተለመደ ነው።

በጎጃም የሚገኘው አዊ ዞን ለዚህ ሁሉ ከባድ ፈተና ያቀርባል። ጥር 23 ኢንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ዘፈን፣ ጭፈራና የፈረስ ጉግስ አብረው ይቀርባሉ። ሲጽፉ «ደማቅ ነበር» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የዞኑ ቋንቋ አዊኛ ግን ከኩሽ ቋንቋዎች የአገው ወገን ሆኖ፣ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ መነገሩ የቃል ትርጉም የሚለይበት ቋንቋ ነው። ስለዚህ ለአዊኛ ዘፈን በአማርኛው የማይነሣ ጥያቄ አለ፦ ዜማው ሲወጣና ሲወርድ የንግግሩን ከፍታ ይከተላል ወይስ ይጥሰዋል? ሲጥሰውስ አድማጩ ቃሉን በምን ይለየዋል፣ በተቀባዮቹ ድግግሞሽ ወይስ በዐውዱ? ቋንቋውን የማይሰማ ሐያሲ ስለ ምቱ፣ ስለ እስክስታው፣ ስለ መሪና ተቀባይ አደራረግ በትክክል ሊጽፍ ይችላል። ስለ ዜማው ሲጽፍ ግን ከአዊኛ ተናጋሪ ጋር ቁጭ ብሎ ግጥሙን መጀመሪያ ሲነገር፣ ከዚያ ሲዘፈን መስማት ይኖርበታል። ይህን ማድረጉ በጽሑፉ ላይ ካልታየ ስለ ዜማው የሰጠው ፍርድ ሚዛን አይደፋም።

የመጨረሻው መፈተሻ ስሞቹ ናቸው። መሪ ዘፋኙን ጠርቶ ማሲንቆ መቺውን፣ ግጥም ሰጪዋንና የቀረጻውን ቦታና ቀን ያለፈ ጽሑፍ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሰው ምስክር አይሆንም። ከዳንግላም ሆነ ከኢንጅባራ የተቀዳ ዘፈን «የጎጃም ባህላዊ ዘፈን» ተብሎ ብቻ ከተመዘገበ፣ አዊኛ መሆኑ፣ የየትኛው ወረዳ መሆኑ፣ ለሠርግ ይሁን ለፈረስ በዓል የተዘፈነ መሆኑ አብሮ ይጠፋል።