ትናንትማ ረቡዕ ነበር

ከደብረ ኤልያስ ገጠር የመጣች የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አንገቷ ላይ ያለውን እብጠት አገሩ ሁሉ እንቅርት ይለዋል፤ መድኃኒቱም አዮዲን ያለው ጨው ነው ይባላል። ለብዙ ሰው እውነት ነው። የእሷ ግን ሌላ ነው፤ ሰውነቷ የራሱን የታይሮይድ ዕጢ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው ሕመም ነው፤ ጨው አይመልሰውም። የጎደለውን ሆርሞን በሌቮታይሮክሲን መተካት ግድ ነው። ፅንሱም እስከ እርግዝናው አጋማሽ በአብዛኛው የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ስለሆነ፣ ያረገዘች ሴት መጠኑ ቶሎ ይጨመርላታል፤ በሳምንት 7 ኪኒን የነበረው 9 ይሆናል።

«በሁለቱ ሰንበቶች፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ሁለት ሁለት ዋጪ» አልኳት። ሰንበት አይረሳም።

በወሩ፣ ሆርሞኑ ሲጎድል ከፍ የሚለው የቲኤስኤች ምርመራዋ ከ2.5 በታች መውረድ ሲገባው ንቅንቅ አላለም። «ትወስጃለሽ?» «አዎ፣ ዶክተር።» መጠኑን እንደገና ልጨምር እስክሪብቶ አነሣሁ። ከዚያ ጥያቄውን ቀየርኩት፤ «ትናንት ከእንቅልፍሽ ከተነሣሽበት ጀምረሽ ንገሪኝ።»

«ትናንትማ ረቡዕ ነበር፤ ውሃም አፌ አልገባ።»

ረቡዕና ዓርብ አትውጥም። በሰንበት የደመርኩትን ሁለት፣ ጾሙ በሳምንቱ መሐል ይቀንሰዋል፤ ዘጠኙ ተመልሶ ሰባት። በቀሩት ቀናት ደግሞ በእርግዝና ክትትል የተሰጣትን የደም ማነስ ኪኒን አብራ ትውጣለች። በውስጡ ያለው ብረት ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል፤ ቢያንስ 4 ሰዓት መራራቅ ነበረባቸው። ሁለቱንም ያዘዝንላት እኛው ነን። እሷ አልዋሸችኝም፤ እኔ ነኝ በደንብ ያልጠየቅኳት። ያች የባከነች ወር ዛሬም ትቆጨኛለች።

ስለ ጾሙ አልተከራከርኳትም። የንስሐ አባቷን እንድታማክር ነገርኳት፤ ነፍሰ ጡር ሆና እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋሏን እንደማልወድም አልደበቅኋትም። እስከዚያው ሰዓቱን ቀየርን፤ ራት 12 ሰዓት ላይ፣ ኪኒኗ ከምሽቱ 3 ሰዓት ልትተኛ ስትል፣ የደም ማነሱ ከቀኑ ምግብ ጋር። ቡናውም ከኪኒኗ ራቀ። በሚቀጥለው ወር ውጤቱ ወረደ።

ስትወልድ መጠኑ ወደ ድሮው እንደሚመለስ፣ ከዚያም በ6ኛው ሳምንት ደም እንደምትሰጥ ሳስረዳት «በክርስትናው ሰሞን በሉኛ» አለች። ወንድ በ40 ቀኑ ይጠመቃልና ልክ ናት።

«ሴት ከሆነችስ?» አልኳት። የሴት 80 ነው።

ሆዷን ዳበስ አድርጋ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ክርስትናዋን ሳልጠብቅ እመጣለሁ።»